ጌጡ ሲሻር ቃሉ እንዲተርፍ

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



አዲስ ነገር እንዴት እንደሚጀመር በትምህርት ቤትም በሥራም ብዙ ተምረናል፤ የተጀመረው እንዴት እንደሚቆም ግን የተማርነው ጥቂት ነው። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ስለ ማቆም ነው። ይኸውም በኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ ለሙከራ የገባ፣ ጽሑፍን የማድመቅና የማቅለም አገልግሎት በሚሻርበት ጊዜ፣ በእርሱ የተጻፈው ደብዳቤ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው ኢሜይል በመጀመሪያ ያስተላልፍ የነበረው ግልጥ ጽሑፍን፣ ያውም በላቲን ፊደል የተጻፈውን ብቻ ነበር። ናታኒየል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ያዘጋጁት ማይም የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ፣ ሪች ቴክስት የተሰኘ አጻጻፍ አብሮ ገባ። ፊደልን ማድመቅም ሆነ ማዝመም በጽሑፉ መካከል በሚገቡ ትእዛዞች ይገለጥ ነበር። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ ሲሻሻል ይኸው አጻጻፍ ወጣና ኤንሪችድ በተባለ ሌላ አጻጻፍ ተተካ፤ ይህም በተራው ቦታውን ለኤችቲኤምኤል ለቀቀ።

የሪች ቴክስት ዕድሜ አጭር ቢሆንም አወጣጡ መልካም ነበር። ምክንያቱም ገና ሲገባ መውጫው ታስቦለታል። በአንድ በኩል፣ ትእዛዞቹን አራግፎ ቃሉን ብቻ የሚያስቀር አጭር ፕሮግራም ከደንቡ ጋር በአባሪነት ታትሟል። በሌላ በኩል ደግሞ ያው ደብዳቤ በግልጥም በቅርጽም ተጽፎ አብሮ እንዲላክ፣ ተቀባዩም መሣሪያው የሚችለውን እንዲያነብ ደንቡ ፈቅዷል። ስለዚህ አገልግሎቱ ሲሻር ድምቀቱ ቢጠፋ ቃሉን ማትረፍ ይቻል ነበር።

ወደ አገራችን ፊደል ስንመለስ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ3.0 እትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 እስኪቀበል ድረስ፣ ፊደሎቻችን ዓለም የተስማማበት ቁጥር አልነበራቸውም። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን ለላቲን በተመደቡት ቁጥሮች ላይ በየራሳቸው አደላደል አስቀመጧቸው። ከዚህም የተነሣ ‹ሀ›ን ‹ሀ› ያሰኘው ቁጥሩ ሳይሆን የፎንቱ ስም ሆነ። የፎንት ስም ደግሞ በግልጥ ጽሑፍ ውስጥ ስፍራ የለውም፤ የሚጓዘው በቅርጽ ትእዛዝ ብቻ ነው። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ጌጥ የነበረው፣ ለአማርኛ ጸሐፊ የፊደሉ ነፍስ ነበር ማለት ነው። ትእዛዙ ሲራገፍ ወይም ተቀባዩ ዘንድ ፎንቱ ሲታጣ፣ ደብዳቤው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይቀራል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን፣ ግዕዝን በላቲን ፊደል የሚወክል ስምምነት ያዘጋጁት በዚያ ዘመን ነበር። ለዓይን ባያምርም በግልጥ ጽሑፍ ስለሚጓዝ አይፈርስም።

ዩኒኮድ ከመጣ በኋላ ችግሩ ያለቀ ሊመስለን ይችላል። እስቲ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ወርደን እንመልከት። በገንዳ ውሃ የሚሠራ አንድ የመጋዘን ኃላፊ፣ በሱዳን ጠረፍ ላይ፣ በጋላባት ፊት ለፊት በምትገኘው መተማ ዮሐንስ ለተቀመጠ ባልደረባው የሰሊጥ ዝርዝር ላከ እንበል። የሚጫነውን በጥቁር፣ እርጥበት ስላለበት መቆየት የሚገባውን በቀይ ቀለም ጻፈ። የቀለሙ አገልግሎት ከተሻረ፣ ወይም ተቀባዩ ግልጥ ጽሑፍ ብቻ በሚያሳይ ስልክ ካነበበ፣ ቀዩና ጥቁሩ አንድ ይሆናሉ። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ደብዳቤውም በሰዓቱ ደርሷል። ነገር ግን መቆየት የነበረበት ሰሊጥ ተጭኖ ሄደ። የጎደለው ‹አይጫን› የሚል አንድ ቃል ነው።

ይህን ስል መሻርን መቃወሜ አይደለም። ቅርጽ ክብደት አለው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ አንድ ሺህ ፊደል ያለው ደብዳቤ 3,000 ባይት ሲሆን፣ ለጉዞ በቤዝ64 ሲታሸግ ወደ 4,000 ይደርሳል። በግልጥም በኤችቲኤምኤልም ሲላክ ትእዛዞቹ ሳይቆጠሩ 8,000 ነው። ሥዕልና ማስጌጫ ሲታከልበት፣ መረቡ በሚደክምበት ስፍራ ሸክሙ ይሰማል። ይሁን እንጂ የሚሻረው ሁልጊዜ ጌጡ አይደለም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 ሊያቆመው መሆኑን ያስታወቀው፣ ጽሑፍ የማስጌጥ አገልግሎት የሌለውን ቀላሉን የጂሜይል ገጽ ነበር፤ ይህም ለደካማ መስመር የሚስማማው ገጽ ነበር።

እንግዲህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም የሙከራ አገልግሎት ሲገባ የመውጫው መንገድ አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከመሻሩ አስቀድሞ ተጠቃሚው በሚገባው ቋንቋ በቂ ጊዜ ይሰጠው፤ ያልተላከውም ረቂቅ ሳይቀር ወደ ግልጥ ዩኒኮድ ይገልበጥለት። ሦስተኛ፣ የምናዘጋጀውን ቅጽ ሁሉ ጌጡን አራግፈን እናንብበው፤ ትርጉሙ ከተለወጠ ቅጹ ገና አላለቀም።

በመጨረሻም አንድ አስቸኳይ ሥራ አለ። በአሮጌ ፎንት የተጻፉ ደብዳቤዎች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገኛሉ። የፎንቱ አደላደል ሰንጠረዥ እስካለ ድረስ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል፤ ሰንጠረዡ ከጠፋ ግን እያንዳንዱን ቁጥር በግምት መፍታት ሊኖርብን ነው። ስለዚህ አሮጌውን ኮምፒዩተር ከማስወገዳችን በፊት ፎንቱንና ሰንጠረዡን አውጥተን እናስቀምጥ፤ ደብዳቤዎቹንም እንገልብጥ። ይህ ሥራ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የእኛን ጥንቃቄና ጊዜ ብቻ ይጠይቃል።