የጸደቀውና ያልጸደቀው፦ ስሕተት በሰውና በማሽን ትምህርት ውስጥ ያለው ድርሻ

(ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴዎች በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከሁለት ክረምት በፊት ከአንድ አጥቢያ ምእመናን ጋር ሆነን በዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የወይራ፣ የዝግባና የጥድ ችግኝ ተከልን። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት የተተከለውን ቁጥር ጻፍን፤ ሪፖርቱም ተመሰገነ። በጋው ሲገባ ግን ከግማሽ የሚበልጠው ደርቆ ነበር። እኛም የጸደቀውን ሳንቆጥር፣ የደረቀውንም ሳንጽፍ ዝም አልን። በሚቀጥለው ክረምት ሌላ አጥቢያ በዚያው ወቅትና በዚያው አኳኋን ተከለ፤ የእርሱም ችግኝ እንደ ፊተኛው ደረቀ። የመጀመሪያው ስሕተት ነበር። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ልናገኝ የሚገባንን ትምህርት እኛው ስለ ቀበርነው የመጣ ነው። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለዚህ ነገር ለመናገር ነው።

በንባብ ቤት ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሕፃን ፊደልን በተራ ሲጠራ የለየው ይመስላል። የኔታ ከላይ ወደ ታች፣ ከመካከልም እየነጠሉ ሲጠይቁት ግን በቃሉ የያዘው እንጂ በዓይኑ የለየው እንዳልሆነ ይገለጣል። ጥያቄው ሕፃኑን ለማሳፈር አይደለም፤ የትኛው ፊደል ዳግመኛ ሊነገረው እንደሚገባ የሚታወቀው በሳተበት ቦታ ነውና። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤት ያልመታውን፣ አገባቡ የተዛባውን ያርሙለታል። ያልተነገረ ቅኔ አይታረምም።

ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን በሸሸ ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወደ ዛፉ የወጣችውን ትል እንደ ተመለከተ ሁላችን እናውቃለን። ይህን ብዙውን ጊዜ የጽናት ምሳሌ አድርገን እንናገረዋለን፤ እውነትም ነው። ይሁን እንጂ ቅዱሱ ከዚያ በኋላ ያደረገውን አንርሳ፤ ወደ መምህሩ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለመታረምም ራሱን ዳግመኛ አቀረበ።

ይህ ሥርዓት ዛሬ ብዙ በሚነገርለት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ውስጥም ይታያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ፍራንክ ሮዘንብላት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር ፐርሴፕትሮን ስለተባለ የሚማር ማሽን ጽሑፍ አወጣ። ለማሽኑ ምሳሌ ይቀርብለታል፤ እርሱም ይገምታል፤ ግምቱ ከትክክለኛው መልስ ጋር ይነጻጸራል። ልክ ከሆነ በውስጡ ያሉት ቁጥሮች አይነኩም፤ ሲስት ብቻ ይስተካከላሉ። እንግዲህ ያ ማሽን የሚማረው በሳተበት ቦታ ብቻ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ሩመልሃርት፣ ሂንተንና ዊሊያምስ ያሳተሙት ጽሑፍ ብዙ ደረጃ ያላቸው ማሽኖች የሚታረሙበትን መንገድ በስፋት አሳወቀ። በመጨረሻው ደረጃ የታየው ስሕተት ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለስሕተቱ ያበረከተው ድርሻ ይሰላል፤ በድርሻውም መጠን በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላል። ስሕተቱ በመጨረሻ ስለ ታየ መጨረሻ ላይ የቆመው ብቻ አይከሰስም።

እኛ ግን ችግኙ ሲደርቅ በመጀመሪያ የከሰስነው ዘበኛውን ነበር፤ ፍየል አስገባ አልን። ቆይተን ወደ ኋላ እየተመለስን ስንመረምር ችግኙ ከጣቢያው የደረሰው በሐምሌ ሳይሆን ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሆኖ አገኘነው፤ ሥር ሳይሰድ ዝናሙ አለቀበት። የዘገየው ክፍያው ስለ ዘገየ ነው፤ ክፍያው የዘገየውም ሰነዱን እኛ በጊዜው ስላልፈረምን ነው። አጥሩ ተከፍቶ ነበርና ዘበኛውም ድርሻ አለው፤ ትልቁ ድርሻ ግን የእኛ ነበር።

ሰውና ማሽን የሚለያዩበትንም እንመልከት። ማሽን የተሰጠውን መልስ እውነት ብሎ ይቀበላል፤ ምሳሌውን ያዘጋጀው ሰው ሐሰት ካስገባበት ሐሰቱን በትጋት ይማራል። በሐሰተኛ ሪፖርት ላይ የሚታቀድ ዕቅድም እንዲሁ ነው። ደግሞም ማሽን አያፍርም፣ አይፈራምም፤ ስሕተቱን ለመሸሸግ የሚፈተነው ሰው ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ችግኝን ሳያውቁ ዘግይቶ መትከል ስሕተት ነው፤ እርማት ይበቃዋል። የደረቀውን እንደ ጸደቀ አድርጎ መጻፍ ግን ሐሰት ነው፤ ንስሐ ያሻዋል። ሁለቱን የሚቀላቅል ኮሚቴ የተሳሳተውን እንደ ዋሸ ይቀጣዋል፤ የተቀጣውም በሚቀጥለው ጊዜ መዋሸትን ይማራል።

ስለዚህ በትሕትና የምንለምናችሁ ይህ ነው። በሪፖርታችሁ ከተተከለው ቁጥር አጠገብ ከበጋው በኋላ የጸደቀውንና ያልጸደቀውን ጻፉ። ያልጸደቀበትን ምክንያት ከዘበኛው ጀምራችሁ እስከ እኛ ጽሕፈት ቤት ድረስ ወደ ኋላ መርምሩ፤ ድርሻችንንም ሳትፈሩ ንገሩን። እኛም በበኩላችን ያልጸደቀውን በግልጽ የጻፈ አጥቢያ እውነቱን በመጻፉ እንዳይወቀስ እንቆማለን፤ የጻፋችሁትንም ቀጣዩ አጥቢያ ሳይተክል በፊት እናደርስለታለን።

በቋንቋችን ችግኝም ይጸድቃል፣ ሰውም ይጸድቃል። ለሁለቱም የሚሆነውን ዝናም የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፤ የደረቀውን ቆጥሮ በእውነት መናገር ግን ለእኛ የተተወ ሥራ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።