ጠበቃ ያልሆነው አማካሪና ፋይሉ

እሷ፦ በካሊፎርኒያ ጠበቃ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ፎርም በክፍያ የሚሞላ አማካሪ የ100,000 ዶላር ዋስትና ያስይዛል፤ በእንግሊዝኛና በደንበኛው ቋንቋ ውል ይጽፋል፤ የሞላውን ፎርም ቅጂ ለባለጉዳዩ ሰጥቶ፣ ለራሱም የመጨረሻውን አገልግሎት ከሰጠበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 3 ዓመት ያቆያል። እኔ 3 ዓመቱ ያንሳል ባይ ነኝ። ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው ዜግነት የሚጠይቀው በአብዛኛው ከ5 ዓመት በኋላ ነው፤ የኢሚግሬሽን መርማሪው ያኔ የድሮውን ማመልከቻ ገልጦ ከአዲሱ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። የአንድ ልጅ ስም ተዘሎ ከሆነ፣ የዘለለው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከፋይሉ ነው።

እሱ፦ ወረቀት ማከማቸቱ ራሱ አደጋ ነው እኮ። የጥገኝነት ታሪክና የቤተሰብ ስም በአንድ ትንሽ ቢሮ መሳቢያ ተቀምጦ ቢሰረቅስ? ወጪውም ዞሮ ዞሮ ባለጉዳዩ ላይ ነው የሚያርፈው።

እሷ፦ ስጋትህ እውነት ነው፤ መልሱ ግን ቆልፎ መያዝ እንጂ አለመያዝ አይደለም። ኦሪጅናል ፓስፖርትና የልደት ሰርተፊኬት ለባለቤቱ ይመለስ፤ ለአማካሪው ቅጂ ይበቃዋል። ኦሪጅናል የሚያስቀር አማካሪ፣ በእኔ እምነት፣ መያዣ የያዘ ሰው ነው። ወጪውስ ምን ያህል ነው? የሚያዘው ጥቂት ወረቀት ነው፦ የየክፍያው ደረሰኝ፣ ማመልከቻው የተላከበት ቀን፣ ባለጉዳዩ በራሱ አፍ የሰጠው መልስ። በተለይ የእኛ ሰው የልደት ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲናገር፣ የተናገረውና የተለወጠው ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ሳይብራራ ሲቀር ማጭበርበር ይመስላል።

እሱ፦ አማካሪው ፎርሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ ብሎ አልፈርምም ካለስ?

እሷ፦ ባለጉዳዩ ሳይከፍል ይውጣ። ውሉን ፈርሞ ከሆነም በ72 ሰዓት ውስጥ ማፍረስ ይችላል።