የጥላ ዛፋችንን በለጋነቱ እናስተካክል

(በካኩማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ስብሰባ ላይ ችግኝ የሚያፈሉ ወገኖች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በየደጃችን ስለቆሙት ዛፎች ነው። እንደሚታወቀው ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመበት የቱርካና ምድር ደረቅና ፀሐዩ የሚያቃጥል ነው። ዛሬ ቡና የምናፈላበት፣ ልጆች የሚያጠኑበት፣ ሽማግሌዎች የተጣላ የሚያስታርቁበት ጥላ አንድ ሰው ከራሱ ጀሪካን ቀንሶ እያጠጣ ያሳደገው ነው። ከወገኖቻችን አንዷ አሜሪካ ከገባች በኋላ ስልክ ስትደውል ከሰው ሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው ስለ ኒሟ ነው።

ባለፈው የዝናብ ወቅት በአንድ ብሎክ አንድ ትልቅ ኒም ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ቤት ላይ ወደቀ። ነፋሱ ከዚያ ቀደም ካየነው የከፋ አልነበረም። ቆርቆሮው ተጨፈለቀ፣ አልጋው ተሰበረ። ልጆቹ ውኃ ሊቀዱ ሄደው ስለነበር ተረፉ። በማግስቱ የተሰነጠቀውን ስንመለከት በሁለቱ ግንዶች መካከል ተጨፍልቆ የቀረ ጥቁር ቅርፊት አገኘን። ይህን ዛፍ ችግኝ ሳለ የሰጠነው እኛ ነን። አጠጡ አልን፣ ከፍየል አጥሩ አልን፤ ባላ ሲያወጣ አንዱን ቀንሱ ሳንል ቀረን። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዛፍ እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ግንዶች ተጠጋግተው ሽቅብ ሲወጡበት ሁለቱም እየወፈሩ ይገፋፋሉ። በመካከላቸው ቅርፊት ይታፈናል፤ ቅርፊት ባለበት ደግሞ እንጨት ከእንጨት ጋር አይያያዝም። ከውጭ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ስንጥቅ ነው። ቅጠሉ ሲበዛ፣ ነፋስ ሲመታው ይከፈላል። በጎን ሰፋ ብሎ የወጣና ከግንዱ ግማሽ የማይበልጥ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ግን ግንዱ ዙሪያውን አቅፎ ስለሚይዘው በቀላሉ አይገነጠልም።

ዛፉ ከወደቀ በኋላ ጎረቤቶች ፈርተው የየራሳቸውን ዛፍ ከአናቱ ቆረጡ። ፍርሃታቸው ይገባናል፤ ሥራው ግን ትክክል አይደለም። ይህ ልማድ ከባሕር ዛፍ የመጣ ይመስለናል። በአጤ ምኒልክ ዘመን አገራችን ከገባ ወዲህ እየቆረጥን፣ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ መልሰን እየቆረጥን ኖረናል። ቡናም ሲያረጅ ይጎነደላል። ያ ለአጠና፣ ለማገዶና ለፍሬ ነው። ቤት አጠገብ የሚቆም የጥላ ዛፍ ሲጎነደል ግን ከቁራጩ ዳር ብዙ ቀንበጥ በአንድ ጊዜ ይፈላል። ይህ ቀንበጥ ሥር ሰዶ ከመሐል እንጨት የወጣ ሳይሆን ከላይ የተለጠፈ ነው፤ የተቆረጠውም አናት ቁልቁል ይበሰብሳል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ቀንበጥ የክንድ ውፍረት ሲኖረው ከቀድሞው የባሰ አደጋ ይሆናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ዛፉ ገና የሰው ቁመት ያህል ሳለ እንጀምር። ቀጥ ያለውንና ብርቱውን አንድ ጫፍ መርጠን መሪ እናድርገው። የሚፎካከረውን ሌላውን ጫፍ በዚህ ዓመት ከግማሽ እናሳጥረው፤ መሪው ሲበልጠው በሚመጣው ዓመት ከሥሩ እናንሳው። ጣት የሚያህለውን ዛሬ መቁረጥ በኋላ ጭን የሚያህለውን ከመቁረጥ ያድናል። ለዘለቄታው የሚቀሩት ትልልቅ ቅርንጫፎች ከአንድ ቦታ የፈለቁ አይሁኑ፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ይኑር፣ በግንዱም ዙሪያ ይሰራጩ።

ከታች ያሉትን ቅርንጫፎች በአንድ ቀን ጠርጎ መመልመል የሚወድ ሰው አለ። ግቢው የጸዳ ይመስላል። ሆኖም ታችኛው ቅጠል ግንዱን የሚያወፍረው ነው፤ የከሰዓት በኋላ ፀሐይም ለጋ ቅርፊት ያቃጥላል። ስለዚህ ከዛፉ ቁመት ከሲሶው በላይ አናራቁት፤ የታችኞቹን እያሳጠርን ቀስ በቀስ እናንሳ። በአንድ ዓመት ውስጥም ከቅጠሉ ሩብ በላይ አይነሳ። የደረቀ ወይም የተሰበረ ቅርንጫፍ በማንኛውም ጊዜ ይቆረጣል፤ ለለምለሙ ግን ዝናብ ሊገባ ሲል ይሻላል።

አቆራረጡን በጥንቃቄ ስሙን። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ እንደ ቀለበት ያበጠ አንገት አለ። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው ከዚያ ነው። አንገቱን ነክተን ግንዱን ልጠን አንቁረጥ፤ ረጅም ጉጥም አንተው፤ ልክ ከአንገቱ ውጭ እንቁረጥ። ከባድ ቅርንጫፍ ሲሆን መጀመሪያ ከአንገቱ አንድ ስንዝር ያህል ርቀን ከሥር ወደ ላይ ጥቂት እንጋዝ፤ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብለን ከላይ ወደ ታች ቆርጠን እንጣለው፤ በመጨረሻ የቀረውን ጉጥ አንገቱ ጋ እናንሳ። ያለዚያ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገፎ ይሄዳል። ገጀራ ይሰነጥቃልና መጋዝ እንጠቀም። ቁስሉ ላይ የተቃጠለ ዘይት ወይም ቀለም የምትቀቡ አላችሁ፤ ተዉት። አሌክስ ሺጎ የሚባሉ አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ እጅግ ብዙ ዛፎችን እየሰነጠቁ መርምረው ቅባቱ መበስበስን እንደማይከለክል አሳይተዋል።

አሁን ደግሞ የሚከብደውን እንናገር። ማገዶ የቸገረው ሰው መጋዝ ሲይዝ እጁ ወደ ወፍራሙ ቅርንጫፍ ይሄዳል። እኛም ይህን አድርገናል። ድስቱ ለሁለት ቀን ይበስላል፣ ጥላው ግን ለዓመታት ይጠፋል። ስለዚህ የሚቆረጠውን ቀድመን በጨርቅ እናስር፤ ያልታሰረ አይነካ። ከተነሳውም ማገዶና የአጥር እንጨት ይገኛል።

በወንዙ ዳር ያሉት ግራሮች ግን ባለቤት አላቸው። ቱርካናዎች ኤክዋር በሚሉት ሥርዓት እያንዳንዱ ቤተሰብ የታወቁ ዛፎች አሉት፤ ፍሬው ለፍየሎቻቸው የድርቅ ጊዜ ቀለብ ነው። የተማርነውን እዚያ ሄደን አንሞክር።

የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ወይም መሰላል የሚያስፈልገው ትልቅ ዛፍ ያላችሁ ራሳችሁ አትውጡ፤ መጥታችሁ ንገሩን። የያዝነው መጋዝ ሁለት ብቻ ስለሆነ በየብሎኩ በተራ እንዞራለን፤ መጀመሪያ የምንሄደው ባላ ያለው ዛፍ ቤት ላይ ያዘነበለባቸው ዘንድ ነው። ከስብሰባው በኋላ እዚህ ደጅ ያለውን ለጋ ኒም አብረን እንከረክማለን። ሕፃናትን ራቅ አድርጉልን።