«አሁንማ ምን ቀረኝ» ለምንል ሴቶች

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የቁጠባውን ሪፖርት ሰምታችኋል። እኛ ደግሞ ስለ አንዲት ዘፋኝ እንድንናገር ተመድበናል። «ከቁጠባ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትንሽ ታገሡን።

ሁላችንም የምናውቃቸው አንዲት እናታችን ነበሩ። በየወሩ ስብሰባ ቶናው ሲቀዳ አንድ ግጥም ጣል ያደርጉልን ነበር፤ መዋጮ ስለምታዘገይ አባል፣ ስለ ስኳር መወደድ፣ ስለ ባላቸው ኩርፊያ። ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። «እትዬ፣ ይጻፍልዎት፤ በበዓላችን ቀን መድረክ ላይ ይበሉት» ስንላቸው «አሁንማ ምን ቀረኝ፣ ይሄ የልጆች ነው» ይሉን ነበር። ባለፈው ዓመት ዐረፉ። በአርባቸው ተሰብስበን ግጥሞቻቸውን ለማስታወስ ብንሞክር አንዷ መነሻውን፣ ሌላዋ መጨረሻውን ያዘች እንጂ አንዱንም ሙሉ አላገኘነውም። ይህ ቆጭቶናል። የማልቪና ሬይኖልድስን ታሪክ የመረጥነውም ለዚህ ነው።

ማልቪና እ.ኤ.አ. በ1900 በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከአይሁድ ስደተኞች ቤተሰብ ተወለደች። ወላጆቿ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ስለተቃወሙ ትምህርት ቤቷ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማዋን ከለከላት። እሷ ግን በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እስከ ዶክትሬት ተማረች። ተምራ ስትጨርስ ዘመኑ የሥራ እጦት ነበር፤ እሷም ሴት፣ አይሁዳዊትና ሶሻሊስት ነበረች። የማስተማር ሥራ አላገኘችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምብ ፋብሪካ ውስጥ ሠራች። አባቷ ሲሞቱ ከባሏ ጋር የአባቷን የልብስ ስፌት ሱቅ ያዘች። ልጅም አሳደገች። ዶክትሬቱን ትተን ሌላው ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ዘፈን መጻፍ የጀመረችው ወደ ሃምሳ ስትጠጋ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ፒት ሲገርንና ሌሎች የባሕል ዘፋኞችን ተዋወቀች። ከዚያም ተመልሳ ዩኒቨርሲቲ ገባችና ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ሙዚቃ ተማረች። ድምፅዋ ሻካራ ነበር። ጊታሯን ይዛ ስትወጣ ሰው የሚያየው ነጭ ፀጉር ያላት አያት ነው፤ አፏን ስትከፍት ግን ያስቃል፣ ቆይቶም ይወጋል።

የታወቀችበት «ትንንሽ ሳጥኖች» የሚለው ዘፈን በ1962 የተጻፈ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ፣ በዴሊ ሲቲ ኮረብታ ላይ የተደረደሩትን አንድ ዓይነት ቤቶች አይታ፣ የመኪናውን መሪ ለባሏ ሰጥታ እዚያው መንገድ ላይ ጀመረችው ይባላል። ዜማው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ሰው አብሮ እየዘፈነ ቆይቶ ነው የሚነቃው፤ ለካ የምትስቀው በቤቶቹ ብቻ አይደለም፣ በውስጣቸው በሚኖሩት፣ አንድ ዓይነት ተምረው አንድ ዓይነት በሚያስቡት ሰዎችም ነው። እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የኑክሌር ቦምብ ሙከራን የተቃወመችበት ስለ ዝናብ የሚናገር ዘፈን አለ፤ «ቦምብ» የሚለው ቃል በግጥሙ ውስጥ አንድም ጊዜ የለም። ወንዶች አያስፈልጉንም ብላ የምትቀልድበትም አለ፤ የሚጠሩት ፒያኖ ማንቀሳቀስ ሲያስፈልግ ነው። እዚህ ቢሆን የድንኳን ምሰሶ ትለው ነበር!

አሁን ቁጠባ ኮሚቴያችን ይስማን። ማልቪና የራሷን የሙዚቃ ማሳተሚያ ድርጅት አቋቁማ ዘፈኖቿን በስሟ አሳተመች። የሠራችው በሌላ ሰው አፍ ብቻ እንዲቀር አልተወችም። በ1967 ታዋቂው ኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ አልበሟን አወጣ። በኋላም ሰሳሚ ስትሪት በሚባለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርባ ዘፍናለች። በ1978፣ በ77 ዓመቷ እስክታርፍ መጻፏን አላቆመችም።

ዘግይታ ጀመረች እንላለን። ነገር ግን ፋብሪካውንና ስፌቱን ያላየች የሃያ ዓመት ልጅ እነዚያን ዘፈኖች ከየት ታመጣቸዋለች? ስንቋን ስታጠራቅም ነው የቆየችው።

የእኛም እናቶች ወፍጮ ላይ ተደፍተው ስለ አማት ክፋት፣ ስለ ባል መራቅ ገጥመዋል። ለሰው ፊት ለፊት የማይባለውን ለድንጋዩ ነገሩት። ስንቱ ከዱቄቱ ጋር ቀረ?

ስለዚህ አንድ ደብተር ገዝተን ጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ አኑረናል። ግጥም ያላት ትጻፍበት፤ መጻፍ የማትችል ትናገር፣ ልጆቻችን ይጽፉላታል። ከእያንዳንዱ ግጥም ሥር የባለቤቷ ስም ይሰፍራል። በበዓላችን ቀን ከመድረክ እንሰማዋለን። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ዛሬ ገንዘብ አንጠይቃችሁም፤ ደብተሩ ተገዝቷል፣ ያን ዕለት ጆሮ ይዛችሁልን ኑ።

የመጀመሪያው ገጽ ተይዟል። ያረፉት እናታችን ግጥሞች ከነጉድለታቸው ሰፍረውበታል፤ ለጎደለው ክፍት ቦታ ትተናል። ከመካከላችሁ የምታስታውስ ካለች ዛሬ ሳትወጣ ትሙላልን።