ባህልን በእጅ ማወቅ፤ የሐይቲን ባህል ለልጆቻችን ለምን እናስተምራለን?

(የከሰዓት በኋላ የሕፃናት መርሐ ግብር በጎ ፈቃደኞች ለወላጆችና ለመምህራን ያደረጉት ንግግር)



በቅድሚያ ውኃውን፣ እንጨቱንና የራሽኑን ወረፋ ትታችሁ ጥሪያችንን አክብራችሁ በመምጣታችሁ ከልብ እናመሰግናለን። በዚህ ወር የሐይቲን ሕዝብ ባህል በእጅ ሥራና በጨዋታ ለልጆቻችን ማስተማር እንደምንጀምር ከተሰማ ወዲህ ከአንዳንድ ወላጆች ጠንከር ያለ ጥያቄ ቀርቦልናል። «እዚህ ካኩማ የተወለደ ልጅ የገዛ አገሩን ወግ ሳያውቅ ስለ ሩቅ ደሴት መማሩ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ አስቀድመን እሱን እንመልሳለን።

እንደሚታወቀው በዚህ ካምፕ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኮንጎ፣ ከብሩንዲ፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎችም አገሮች የመጣን ሰዎች ጎን ለጎን እንኖራለን። ልጆቻችን ግን የጎረቤታቸውን ሕዝብ የሚያውቁት በአብዛኛው በውኃ ቧንቧ ላይ በሚነሣ ጠብ ነው። ከነዚህ የአንዱን ባህል መርጠን ብንነሣ ገና ሳንጀምር «የእነማን ነው? የእኛስ ለምን ቀረ?» የሚል ክርክር ይመጣል። በእኛ በኢትዮጵያውያን መካከልም ቢሆን ያው ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሐይቲ ግን የማንም ብሎክ አይደለችም። በእሷ ላይ ቂም ያለው ልጅ የለም፤ ከሌላው አብልጦ የሚያውቃትም የለም። ሁሉም እኩል እንግዳ ሆኖ በአንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል።

ሐይቲ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ አንዱን ደሴት ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር የምትካፈል አገር ናት። ከአፍሪካ ተግዘው በሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች የፈረንሳይን ጦር አሸንፈው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነፃነታቸውን አወጁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ለእኛም ጨርሶ ባዕድ አይደለችም። ቤኒቶ ሲልቬን የተባሉ ሐይቲያዊ በ1897 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር ተገናኝተዋል። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 በወረረችን ጊዜ የሐይቲው ተወካይ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ተሟግተው ተናግረዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1966 ሐይቲን ጎብኝተዋል። ይህን ለታላላቆቹ ልጆች እንነግራቸዋለን። ለትንንሾቹ ግን ከዓመተ ምሕረት ይልቅ ጭቃና ወረቀት ይሻላቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያታችን የሐይቲ ጥበብ ብዙውን ጊዜ ከተጣለ ዕቃ የሚሠራ መሆኑ ነው። በደቡብ ጠረፍ ያለችው የዣክሜል ከተማ በካርኒቫል በዓሏ ጭምብሎች የታወቀች ናት። መጀመሪያ ከጭቃ ቅርጽ ይሠራል። በላዩ ላይ ሙጫ የነካው ወረቀት እየተደራረበ ይለጠፋል። ሲደርቅ ይላቀቅና ቀለም ይቀባል። ለዚህ ሥራ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ይጠቀማሉ። እኛም ከግንባታ ቦታ የሚጣለውን እንሰበስባለን፤ ሆኖም ሲሚንቶ የነካውን ልባስ አውልቆ የሚጥለው አዋቂ ሰው ነው፤ ብናኙ ለዓይንና ለሳንባ ጎጂ ነው። ሙጫው ቀጠን ያለ የዱቄት ገንፎ ነው። ዱቄት ራሽን መሆኑን አንዘነጋም። ለአንድ ቡድን አንድ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል፤ እሱንም እኛው እናዋጣለን እንጂ ከየቤቱ አንለምንም። ጭምብሉ ጣዖት ነው ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁን ደግሞ፣ ልጆቹ የሚሠሩት ጅብ፣ ግመልና አውራ ዶሮ ነው።

ከሁሉም የምንወደው ግን የብረቱን ሥራ ነው። ክሯ ዴ ቡኬ በምትባለው ከተማ ዦርዥ ሊዮቶ የተባሉ አንጥረኛ ለመቃብር የብረት መስቀል ይሠሩ ነበር። በ1950ዎቹ ሥራቸው በሠዓሊዎች ዘንድ ታወቀ፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሏቸው። ባዶ የነዳጅ በርሜል ክዳኑና ታቹ ይቆረጣል፤ ውስጡ ጭድ ተነስንሶ ይቃጠላል፤ ጎኑ ተሰንጥቆ ተቀጥቅጦ ይዘረጋል። ከዚያ በጠመኔ ተሥሎ በመሮና በመዶሻ ይቆረጣል፤ ወፍ፣ ዓሣ፣ ዛፍ ይሆናል። በርሜል ለልጅ አይሰጥም። የዘይት ጣሳ ግን በየቤቱ አለ። አዋቂ ሰው ቆርጦ ጠርዙን ያጥፍለታል፤ ከዐሥር ዓመት በላይ የሆነው ልጅ በጠመኔ ሥሎ በምስማር እየበሳ ቅርጹን ያወጣዋል። ዕቃ ሁሉ በእደላ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ልጅ፣ ከጣለው ጣሳ ወፍ ሲያወጣ ፊቱን እንድታዩት እንፈልጋለን።

ከጨዋታ በኩል የሐይቲ ልጆች ኦስሌ የሚሉት አለ። በፍየል መገጣጠሚያ አጥንት ወርውሮ መቅለብ ነው፤ እኛ በጠጠር የምንጫወተው ቅልብልቦሽ ማለት ነው። ተረት ነጋሪው «ክሪክ?» ሲል ሰሚዎቹ «ክራክ!» ይላሉ። ለእንቆቅልሽ ደግሞ «ቲም ቲም?» ሲባል «ብዋ ሼሽ!» ነው መልሱ፤ ደረቅ እንጨት ማለት ነው። የቆመ ውኃ ምንድን ነው? ሸንኮራ አገዳ። የተንጠለጠለ ውኃስ? ኮኮናት። (ውኃ በጄሪካን ተሰልፎ የሚቀዳ ልጅ ይህን ቶሎ አይረሳውም።) የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ መልስም እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ልጅ «ክሪክ ክራክ»ን ከተማረ በኋላ ማታ ቤቱ ገብቶ የእናቱን ወይም የአያቱን «ተረት ተረት» ጠይቆ እንዲመጣ እናዛለን። እስከ ዛሬ ተረት ንገሩን ብለው ያልጠየቋችሁ ልጆች ይጠይቋችኋል። እባካችሁ ደክሞኛል አትበሏቸው።

ሐይቲን በ2010 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና በችግር ብቻ አናሳይም። የእኛ አገር ስም ከድርቅ ጋር ብቻ ሲነሣ ምን እንደሚሰማን ሁላችንም እናውቃለን።

በመጨረሻ የሚቀርበው የዱባ ሾርባ ነው። በባርነት ዘመን ባሮቹ ለጌቶቻቸው እየሠሩ እነሱ ግን እንዳይቀምሱት ተከልክለው እንደነበር ይነገራል። ስለዚህ ሐይቲያውያን በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን፣ በነፃነታቸው በዓል፣ በየቤቱ ሠርተው ይበሉታል፤ ለጎረቤትም ያካፍላሉ። ዩኔስኮም በ2021 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። እነሱ የበሬ ሥጋ ይጨምሩበታል። ለእኛ ግን ቀኑ በገና ጾም ውስጥ ስለሚውል፣ በዱባ፣ በድንች፣ በካሮትና በጎመን ብቻ በዘይት እናበስለዋለን፤ ስለዚህ የጾመውም ያልጾመውም አብሮ ይበላል።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የታጠበ የዘይት ጣሳ ያላችሁ ላኩልን። ሥጋ ቤት የምትሠሩም የፍየል የጉልበት አጥንት አትጣሉብን፤ ለአንድ ቡድን አምስት ያስፈልጋል፤ ቀቅለን አጥበን እናዘጋጀዋለን። ተረት የሚችል አባት ወይም እናት ካለ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እንጠብቃለን።