የልጅን ነገር ማድመጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟም በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሚኤሶና በአሰቦት፣ በመላውም ምዕራብ ሐረርጌ የምትገኙ ክርስቲያኖች፤ ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ መስሎ የሚታይ፣ ሲመረምሩት ግን የቤትን መሠረት የሚነካ ነው። ይኸውም ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውሏቸውን እንዲነግሩን ምን ማድረግ ይገባናል የሚል ነው።

በየቤታችን ማታ ማታ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጅ ደብተሩን ይዞ ይገባል። አባት ቀና ብሎ፦ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ይለዋል። ልጁም፦ «ትምህርት» ይላል፤ ወይም፦ «ምንም» ብሎ ዝም ይላል። ነገሩ በዚሁ ያበቃል። አባት የጠየቀ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን የሰማው የምርመራ ድምፅ እንጂ የፍቅር ጥያቄ አይደለምና፣ መልሱን አሳጥሮ ይሸሻል። ከዚያ ወዲያ እናት፦ «ይህ ልጅ አይናገርም፤ ዝምተኛ ሆኖብኛል» እያለች ለጎረቤት ታማርራለች። ይሁን እንጂ ያው ልጅ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲሆን ሲያወራ ይመሻል። እንግዲህ የጎደለው የልጁ አንደበት ሳይሆን የእኛ ጆሮ እንዳይሆን ራሳችንን እንመርምር።

ጠያቂና አድማጭ መሆንን ከጌታችን ከመድኃኒታችን ከኢየሱስ ክርስቶስ እንማር። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በ24ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፣ ከትንሣኤው በኋላ ሁለት ደቀ መዛሙርት አዝነው ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ ጌታ ቀረባቸውና አብሯቸው ሄደ። ምን እየተነጋገሩ እንደ ሆነም ጠየቃቸው። ቀለዮጳም በኢየሩሳሌም የሆነውን የማታውቅ እንግዳ አንተ ብቻ ነህን በማለት ዓይነት መለሰለት። ጌታ ግን አልተቈጣም፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ዳግመኛ ጠየቃቸው እንጂ። እነርሱም ሐዘናቸውንና የጠፋ ተስፋቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሩት። መጻሕፍትን መተርጐም የጀመረላቸው ከዚህ በኋላ ነው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ይጠይቃል፤ የሚያውቀውንም ነገር ከአፋቸው እስኪሰማ ይታገሣል። እኛ ግን የማናውቀውን እንደምናውቅ ሆነን፣ ልጁ ነገሩን ሳይጨርስ ምክሩን እናስቀድማለን።

ደግሞም ልብ በሉ፤ ጌታ የጠየቃቸው አብሯቸው እየሄደ ነው። ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 ወይም በሐምሌ 19 በእግር የተጓዘ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መንገድ አፍ ያስከፍታል። ፊት ለፊት አቁመው ሲጠይቁት አንገቱን የሚደፋ ልጅ፣ ጎን ለጎን ሲሄድ፣ ወይም ከእናቱ ጋር ሽንኩርት ሲልጥ፣ ወይም ለቡናው ፍም ሲያራግብ፣ ማንም ሳይጠይቀው ይጀምራል። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ ለሰፈሩ ወሬ ሁሉ ጊዜ አለን፤ ከዚያ ላይ ጥቂቱን ለልጁ ብንሰጠው ምን ይጎድልብናል? «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን ነገሩን የምናቃልል ከሆነ ግን፣ «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚለውን ሌላውን የአባቶች ቃል እናስታውስ። ልጅን ከነንፍጡ የሚወድ ሰው ከነተበታተነ ወሬውም ይወደዋል።

ሁለተኛው ምሳሌያችን በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 3 ያለው ነው። በአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳም ስማቸው የሚጠራው የአቡነ ሳሙኤል ሞክሼ የሆነው ያ ብላቴና፣ በሌሊት ድምፅ ሰምቶ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊ ሽማግሌ ነበረ፤ ዓይኖቹም ደክመው ነበር። ከመኝታው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ተቀሰቀሰ፤ ሆኖም ልጄ እያለ በደግነት መለሰለት እንጂ አልገሠጸውም። በሦስተኛው ጊዜ የጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተዋለ። በመጀመሪያው ተቈጥቶ ቢሆን ኖሮ ብላቴናው ለሁለተኛ ጊዜ ሊመጣ ይደፍር ነበርን? ሲነጋም ሳሙኤል የሰማውን ለመናገር ፈራ፤ ነገሩ በራሱ በዔሊ ቤት ላይ የመጣ ከባድ ቃል ነበርና። ዔሊም ምንም እንዳይሰውረው ጠየቀው፤ ሁሉንም በሰማ ጊዜ ነገሩ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ተቀበለ። በልጁ ላይ እጁን አላነሣም፤ ፊቱንም አላጠቈረም።

ምእመናን ሆይ፤ እውነት የተናገረ ልጅ በእውነቱ የተቀጣ እንደ ሆነ በሌላ ቀን ምን እንዲነግረን እንጠብቃለን? «ፈተና ወደቅሁ» ባለ ጊዜ ቀበቶ የሚፈታበት ልጅ፣ ነገ የሚብሰው ነገር ሲገጥመው ይደብቃል። የሚብስ ነገርም አለ። ታላላቅ ልጆች የሚደበድቡት፣ ምሳውን የሚቀሙት አለ፤ በመንገድ ላይ ጎረምሳ የሚያስቸግራት፣ ይህን ብናገር ከትምህርት ያስቀሩኛል ብላ ዝም የምትል ሴት ልጅ አለች። በመምህር በትር የሚገረፍም አለ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሕጉ ይህን መብት ይስጥ እንጂ፣ መገረፉን የማይናገር ልጅ በምን መንገድ ይጠበቃል? በከተማችሁ መካከል የሚያልፈው አውራ ጎዳና ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ያደርሳል። ልቡ ከቤቱ አስቀድሞ የወጣ ልጅ፣ እግሩም አንድ ቀን ተከትሎ ሲወጣ ወላጆቹ ሳይሰሙ ይቀራሉ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 3 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ያስጠነቀቀው ልባቸው እንዳይዝል ነው።

አንዳንዶቻችሁ፦ «እኛ አልተማርንም፤ ስለ ትምህርቱ ምን ብለን እንጠይቃለን?» ትሉ ይሆናል። ሌሎቻችሁ ደግሞ በቤት በአማርኛ ትነጋገራላችሁ፤ ልጃችሁ ግን በኦሮምኛ ይማራል፤ ደብተሩን ስትገልጡት በላቲን ፊደል የተጻፈ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየአካባቢው ቋንቋ ይሰጣልና። ይህ እንዲያሳፍራችሁ አይገባም። ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «እስቲ አንብብልኝ፤ ምን ማለት እንደ ሆነም አስረዳኝ» በሉት። በዚያች ሰዓት እርሱ መምህር፣ እናንተ ደቀ መዝሙር ትሆናላችሁ። በቄስ ትምህርት ቤትም ተማሪው የተማረውን በየኔታ ፊት በቃሉ ሲያሰማ ኖሯል፤ ያሰሙት ትምህርት ይጸናልና። ልጅም አባቱን ሲያስተምር ትምህርቱ ይጸናለታል፤ አንደበቱም ይፈታል።

ጨርጨርን በ1910ዎቹ ዓመታት ያስተዳደሩት፣ አሰበ ተፈሪንም ዋና ከተማ ያደረጉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩ ሰው ነበሩ። በኋለኛ ዘመናቸውም የሕይወታቸውን ታሪክ ሲጽፉ የልጅነታቸውን ነገር አልተዉም። ለትልቅ ሰው ጥቃቅን የሚመስለው የልጅነት ውሎ እስከ ሽምግልና ድረስ በልብ ተጽፎ እንደሚኖር ከዚህ እንረዳለን። ዛሬ የልጃችሁን ወሬ አናንቃችሁ ብታልፉት፣ ያለፋችሁት እርሱ ዕድሜውን ሙሉ የሚያስታውሰውን ነገር ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ዘንድ ነው። ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ፣ ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። እርሷና ዮሴፍ ወዲያው ተመልሰው ፈለጉት፤ በሦስተኛውም ቀን በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ አገኙት። እኛ ግን «ከባልንጀሮቹ ጋር ነው» እያልን የአንድ ቀን ሳይሆን የብዙ ዓመት መንገድ እንሄዳለን። እመቤታችን ጠየቀችው፤ መልሱንም ሰማች። ወንጌላዊው እንደሚነግረን የተናገራቸው ነገር አልገባቸውም ነበር፤ እርሷ ግን አላቃለለችውም፤ ሁሉን በልቧ ትጠብቀው ነበር። እናቶች ሆይ፤ ይህን ያዙ። ልጅ በጆሮአችሁ ያስቀመጠውን ነገር በማግሥቱ ለቡና ጎረቤት መሳቂያ አድርጋችሁ አታቅርቡት። አንድ ጊዜ ምስጢሩ የወጣበት ልጅ ዳግመኛ አደራ አያኖርም።

እንግዲህ ከዛሬ ማታ ጀምረን እንዲህ እናድርግ። ልጁ እንደ ገባ አንያዘው፤ አስቀድሞ እግሩን ይታጠብ፣ እህል ይቅመስ። ቀጥሎ እኛ ራሳችን ከገበያው ወይም ከእርሻው የገጠመንን አንድ ነገር እናጫውተው፤ ነገር ነገርን ይስባልና። «ምን ተማርህ?» በማለት ፈንታ «ዛሬ ከማን ጋር ተቀመጥህ? ያሳቀህ ነገር ምን ነበር? ከባልንጀሮችህ የቀረ አለን?» እንበለው። በጀመረ ጊዜ አናቋርጠው፤ ከወንድሙም ጋር አናወዳድረው። ጥፋት ቢነግረን አስቀድመን እውነት ስለ ነገረን እናመስግነው፤ ማረሙን ከዚያ በኋላ እናደርሳለን። ዝም ቢል አናስጨንቀው፤ ነገ ደግሞ እንጠይቀው። ከቡናና ከጫት ገበያ የምትመለሱ፣ ይልቁንም ከሰዓት በኋላ ጫት ይዛችሁ ከባልንጀራ ጋር በጨዋታ የምታመሹ አባቶች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት የሚገቡት በዚያው ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

እኛም ማታ በጸሎት ቆመን ውሏችንን ለሰማያዊ አባታችን እንናገራለን። እርሱም ሰምቶን አይሰለችም፤ ነገራችን ጥቃቅን ነው ብሎ ፊቱን አይመልስብንም። ልጅ በምድራዊ አባቱ ፊት ያለ ፍርሃት መናገርን ከለመደ፣ በሰማያዊ አባቱ ፊት መቆም፣ በንስሐ አባቱም ዘንድ ኀጢአቱን መናዘዝ አይከብደውም።

የብላቴናውን የሳሙኤልን ድምፅ የሰማ፣ የኤማሁስን መንገደኞች ሐዘን ያደመጠ ልዑል እግዚአብሔር፣ ለእኛም የሚያዳምጥ ልብ ይስጠን፤ ልጆቻችንንም በመንገዳቸውና በትምህርታቸው ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።