የከንፈራችን ቀለም ከየት ይመጣል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከጤና ክፍል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር ቡና ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልስ ይዘን እንድንመጣ አዛችሁን ነበር። «ከረሜላና ሊፕስቲክ ውስጥ ያለው ቀይ ቀለም ከተባይ ነው የሚሠራው ይላሉ፤ እውነት ነው? ይጎዳናል?» የሚል ነበር። በየስልካችን ሲዘዋወር የከረመውን ወሬ መርምረን ግማሹን እውነት፣ ግማሹን ውሸት ሆኖ አገኘነው።

ከእውነቱ እንጀምር። ኮቺኒል የምትባል ትንሽ ተባይ አለች። በበለስ ቁልቋል ላይ ተጣብቃ ጭማቂውን እየመጠጠች ትኖራለች። ሴቷ በሰውነቷ ውስጥ ካርሚኒክ አሲድ የሚባል ደማቅ ቀይ ነገር ታከማቻለች። ተለቅማና ደርቃ ስትፈጭ ቀለሙ ይወጣል፤ ያ ቀለም ተጣርቶ ካርሚን ይባላል። አንድ ፓውንድ ደረቅ ኮቺኒል ለማግኘት ወደ 70,000 የሚጠጉ ተባዮች ያስፈልጋሉ። የሜክሲኮና የፔሩ ሰዎች ስፔኖች ሳይደርሱባቸው በፊት ጀምሮ ልብስ ያቀልሙበት ነበር፤ ዛሬም ከሁሉ አብልጣ የምታመርተው ፔሩ ናት።

ከአገራችንም ጋር ክፉ ትውውቅ አላት። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ቀለሙን አምርቶ ወደ ውጭ ለመሸጥ ተብሎ ደቡብ ትግራይ ገባች። በኋላ ከታሰበላት ቦታ አምልጣ በራያ በኩል በለሱን ማድረቅ ያዘች። በክረምት ጎተራ ሲራቆት ልጆች የሚበሉት፣ እናቶችም መንገድ ዳር ሸጠው ጨው የሚገዙበት ፍሬ ነበር። ስለዚህ ተባይዋ ትጎዳለች ወይ ብሎ ለሚጠይቀን፣ በምግብ ውስጥ ካደረሰችው ይልቅ በማሳ ላይ ያደረሰችው ጉዳት ይበልጣል ባዮች ነን።

ውሸቱ ደግሞ «ቀይ 40 ከትል ነው» የሚለው ነው። አይደለም። ቀይ 40 ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ ሰው ሠራሽ ቀለም ነው። ሌላው ሰው ሠራሽ ቀለም፣ ቀይ 3፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ከምግብ እንዲወጣ እዚህ አሜሪካ ተወስኗል፤ ለአምራቾች የተሰጠው ጊዜ እስከ ጃንዋሪ 2027 ነው። ሰው ሠራሾቹ ሲቀነሱ በካርሚን የሚተኩ ሊኖሩ ስለሚችሉ ጥያቄያችሁ በጊዜው የመጣ ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ለአብዛኞቻችን ካርሚን አይጎዳም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 እንደገና መርምሮ፣ አንድ ሰው በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 2.5 ሚሊግራም ካርሚኒክ አሲድ ቢወስድ እንደማያሰጋ አስቀምጧል። 60 ኪሎ ለምትመዝን እህት ይህ በቀን 150 ሚሊግራም ይሆናል። የአሜሪካው ኤፍዲኤም ለዓይን አካባቢ መዋቢያ ሳይቀር ፈቅዶታል፤ ለዓይን የሚፈቀዱ ቀለሞች ደግሞ ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቦስተን ውስጥ ለሕሙማን ምርመራ በተሰጠ ካርሚን ምክንያት ሳልሞኔላ ተዛምቶ ነበር። ዛሬ ግን ጀርሙ እንዲሞት ሳይታከም ለገበያ እንዳይወጣ ሕጉ ያስገድዳል።

የሚያሳስበን አለርጂው ነው። ብዙ ሰው ላይ አይታይም፤ በታየበት ሰው ላይ ግን ሊከፋ ይችላል። መንስኤው በቀለሙ ውስጥ የሚቀረው የተባይዋ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የስዊዘርላንድ ሐኪሞች ካምፓሪ የሚባለውን ቀይ መጠጥ ጠጥታ ክፉኛ ስለታመመች ሴት ጽፈው ነበር፤ ያን ጊዜ መጠጡ በካርሚን ይቀላ ነበር። የጃፓን የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝቡ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡን። ሐኪሞች ከመዘገቧቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ምክንያቱ መዋቢያው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ከንፈራችንን፣ ጉንጫችንንና የዓይናችንን ቆብ ለዓመታት ስንቀባው ሰውነታችን ፕሮቲኑን በቆዳ በኩል ይለምደውና እንደ ጠላት ይይዘዋል። ከዚያ አንድ ቀን ያው ነገር በመጠጥ ወይም በከረሜላ ወደ ሆድ ሲገባ ሰውነት ይነሣበታል። ስለዚህ «ሊፕስቲኩ ትንሽ ያሳክከኛል» ብላችሁ የምታልፉት ነገር መታለፍ የለበትም። ተውትና ለሐኪም ንገሩ፤ የአለርጂ ምርመራ አለው። ቀይ ነገር በልታችሁ ወይም ጠጥታችሁ ቆዳችሁ ሽፍ ካለ፣ ከንፈራችሁ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን «ይተወኝ ይሆናል» ብላችሁ አትቆዩ፤ ወዲያውኑ 911 ደውሉ። ሐኪም ኢፒፔን ያዘዘላችሁ ከቦርሳችሁ አትለዩት።

እንዴት እንለየው? ድሮ አምራቾች «ቀለም ተጨምሯል» ብለው ያልፉት ነበር። እዚህ አገር ከጃንዋሪ 2011 ጀምሮ በምግብም በመዋቢያም ላይ «ካርሚን» ወይም «ኮቺኒል ኤክስትራክት» ተብሎ በስሙ እንዲጻፍ ግዴታ ነው። መዋቢያ ላይ ሲ.አይ. 75470 የሚል ቁጥርም ታገኛላችሁ፤ ከአውሮፓ የመጣ ምግብ ላይ ኢ 120 ይባላል። ክኒንም በእሱ ሊቀባ ስለሚችል ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ካርቶኑ የተጣለ፣ ጽሑፉ የተፋቀ ርካሽ ሊፕስቲክ ግን ምን እንዳለው የሚነግራችሁ የለም። ለሠርግና ለልደት ኬክ የምትጋግሩ እህቶችም የቀለሙን ጠርሙስ አትጣሉ፤ የሚጠይቅ እንግዳ ይኖራል።

የጾሙ ጥያቄ ሌላ ነው። ጤና ላይ አይጎዳም ማለት ለጾም ይሆናል ማለት አይደለም፤ አስጸየፈኝ ማለትም ይጎዳል ማለት አይደለም። ካርሚን ከእንስሳ ወገን ስለሆነ የምትጾሙ እናቶች ነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። በሙስሊም እህቶቻችን ሃይማኖት ሊቃውንቱ በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት አስተያየት የላቸውም፤ የምታምኑትን ዑስታዝ ጠይቁ። እኛ የምንለው፣ ወተትና እንቁላል የለውም መባሉ ብቻ አይበቃም። «ቪጋን» የሚል ካለበት ግን ካርሚን ሊኖረው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2012 ስታርባክስ የእንጆሪ መጠጡን በኮቺኒል ማቅላት የተወው እንስሳ የማይበሉ ደንበኞቹ ቅሬታ ስላሰሙ ነው፤ ጠይቆ ማስቀየር እንደሚቻል አይታችኋል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን ሊፕስቲክና የጉንጭ ቀለም፣ ካለም ከነካርቶኑ፣ ይዛችሁ ኑ። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ ማጉያ መነጽር እኛ እናመጣለን።